የሴንት ፖሉ ባለ ባቡር ጄምስ ሂል እና «ያልቃል» ያሉት ሀብት

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የምንኖር ኢትዮጵያውያን የጄምስ ሂልን ስም ሳናውቅ በሥራቸው ላይ ስንመላለስ ኖረናል ማለት ይቻላል። በሚኒያፖሊስ መሀል ሚሲሲፒን የሚሻገረውና በበጋ ምሽት ልጆቻችንን ይዘን የምንንሸራሸርበት ባለ ቅስት የድንጋይ ድልድይ በ1883 ያስጨረሱት እሳቸው ናቸው። ከሴንት ፖል ዩኒየን ዲፖ አልፎ ወደ ሲያትል የሚሄደው የአምትራክ ባቡር «ኢምፓየር ቢልደር» የተባለው በእሳቸው ቅጽል ስም ነው። በሰሚት ጎዳና ቁጥር 240 ላይ፣ ከካቴድራሉ አጠገብ የቆመው ግዙፍ ቀይ የድንጋይ ቤትም የእሳቸው መኖሪያ ነበር።

የእኚህን ሰው ታሪክ ለማንሣት የወደድነው ሀብታም ስለ ነበሩ አይደለም። አሜሪካ ሀብታም አጥታ አታውቅም። ሂልን ለየት የሚያደርጋቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዕድገትን ሲያፋጥኑ ኖረው በስተርጅና ያው ዕድገት የሚጋጨው ግድግዳ እንዳለ በአደባባይ መናገራቸው ነው። ግድግዳው የገንዘብ አይደለም፤ በቶን የሚመዘን ነው። የከሰል፣ የብረት፣ የደንና የአፈር ጉዳይ ነው። አገራችን ስንት ከመቶ አደገች፣ አላደገችም እያልን ለዓመታት ስንከራከር ለኖርን ለእኛ ይህ ሰው የሚለን ነገር ያለው ይመስለናል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሂል የተወለዱት ሴፕቴምበር 16 ቀን 1838 በካናዳ፣ በዛሬው ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ሮክዉድ ከምትባል መንደር አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። በዘጠኝ ዓመታቸው በቀስት ጨዋታ በደረሰባቸው አደጋ የቀኝ ዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። አባታቸው በ1852 ሲሞቱ ትምህርታቸውን አቋርጠው ሱቅ ተቀጠሩ። በ1856፣ ገና በ17 ዓመታቸው፣ ሴንት ፖል ገቡ። ሐሳባቸው ወደ ምዕራብ መቀጠል ነበር ይባላል፤ ዳሩ ግን ወደዚያ የሚሄደው የነጋዴዎች ጉዞ አመለጣቸውና በዚያው ቀሩ። ከአገር የወጣ ሰው ለጥቂት ጊዜ ብሎ ያረፈበት ከተማ መኖሪያው ሆኖ ሲቀር አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

በሚሲሲፒ ወደብ ላይ የእንፋሎት መርከቦች የሚያራግፉትን ዕቃ እየቆጠሩ በመመዝገብ ሥራ ጀመሩ። ይህ ሥራ አንድ ልማድ ተከለባቸው፤ ማንኛውንም ነገር ከዋጋው በፊት በክብደቱ ማሰብ። በ1862 የሚኒሶታ የመጀመሪያው ባቡር ከሴንት ፖል ወደ ሴንት አንቶኒ 10 ማይል ያህል ሲጓዝ የሚነደው እንጨት ነበር። ሂል ለባቡሩ ኩባንያ ማገዶ አቅራቢ ሆኑ። ማገዶ አቅራቢ የሆነ ሰው ደግሞ ሌላው የማያየውን ያያል። ዛፉ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ እየተመነጠረ ሲሄድ ማገዶው በየዓመቱ ከበለጠ ርቀት ይመጣል፤ በርቀቱ ልክ ለማጓጓዣው የሚወጣው ጉልበት ይጨምራል። አንድ ቶን ጥሩ የድንጋይ ከሰል ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ደረቅ እንጨት የሚሰጠውን ሙቀት ይሰጣል። ሂል ይህን ሒሳብ ከብዙዎች ቀድመው ሠርተው ወደ ከሰል ንግድ ገቡ፤ በ1870ዎቹ ማብቂያ ላይ በሴንት ፖል የከሰል ገበያ ዋነኛው ሰው ነበሩ። ስለ ባቡር ጌታነታቸው ብዙ ሲጻፍ ከሰል ነጋዴነታቸው ይዘነጋል። እኛ ግን የኋለኛው ንግግራቸው ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው እንላለን።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ አገራችን ጎራ እንበል። ዐፄ ምኒልክ የሂል ዘመነኛ ነበሩ፤ በ1844 ተወልደው በ1913 ዐረፉ። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ የአካባቢዋ ደን ተጨፍጭፎ በማለቁ፣ በ1900 አካባቢ ቤተ መንግሥቱን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ግንባታም ተጀምሮ ነበር። ከተማዋን ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ሁለቱም ሰዎች የገጠማቸው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ማገዶ የራቀው ከተማ ምን ይሁን? ሂል መልሱን ከመሬት ሥር ቆፍረው አወጡ፤ ምኒልክ በየዓመቱ የሚያድግ ዛፍ ተከሉ። አንዱ ከተቀማጭ መብላት ነው፣ ሌላው ከዓመት ገቢ መብላት። የባሕር ዛፍን ጣጣ፣ ውኃ መምጠጡንና በሥሩ ሰብል አለማብቀሉን እናውቃለን፤ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ጀርባም አንረሳም። ልዩነቱ ግን ልዩነት ነው።

ወደ ሂል እንመለስ። በ1873 የደረሰው የገንዘብ ቀውስ ሴንት ፖል ኤንድ ፓሲፊክ የተባለውን የባቡር ኩባንያ ለኪሳራ ዳርጎት ነበር። የኩባንያው የዕዳ ሰነድ በአብዛኛው በሆላንድ ባለ ገንዘቦች እጅ ነበር። ሂል ከኖርማን ኪትሰን፣ ከዶናልድ ስሚዝና ከጆርጅ ስቲቨን ጋር ተሻርከው በ1878 ኩባንያውን ያዙ። ከዚያ በኋላ ያለው የተፋጠነ ጉዞ ነው። በ1887 የሥራ ወቅት ከዳኮታ ወደ ሞንታና ከ600 ማይል በላይ ሐዲድ ተዘረጋ፤ በ1893 መጀመሪያ ላይ ግሬት ኖርዘርን ሲያትል ደረሰ። (በዓመቱ፣ በ1894፣ ዐፄ ምኒልክ የጅቡቲውን ባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።)

የሂል ሐዲድ ከሌሎቹ የሚለየው በፍጥነቱ አልነበረም። ሌሎች ኩባንያዎች መንግሥት በማይል የሚከፍለውን የመሬት ስጦታ ለማግኘት እየተጣደፉ በየዳገቱና በየጠመዝማዛው ሲዘረጉ፣ ሂል ከሚኒሶታ በስተ ምዕራብ ያለውን መስመራቸውን ያለ ፌዴራል መሬት ስጦታ ነበር የሠሩት። ስለዚህም ትርፋቸው ከዘረጉት ማይል ሳይሆን ከሚጭኑት ቶን መምጣት ነበረበት። ባቡር በሜዳ ላይ ሲሄድ ብረት በብረት ላይ ስለሚንከባለል የሚፈልገው ጉልበት ጥቂት ነው። በየመቶ ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ ከፍ የሚል ዳገት ግን የሚፈለገውን ጉልበት ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። ዳገት ማለት ከሰል ነው፤ ጠመዝማዛም እንዲሁ። አንድ ጊዜ ዳገቱን ቆርጦ ማስተካከል ውድ ነው፤ ሳያስተካክሉ መተው ግን ለመቶ ዓመት በየቀኑ በየባቡሩ የሚከፈል ግብር ነው። በ1889 መሐንዲሳቸው ጆን ስቲቨንስ በሞንታና የማሪያስን ማለፊያ ያረጋገጡት ለዚሁ ዝቅተኛ መሻገሪያ ፍለጋ ሲሉ ነው። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ለመውጣት ሲያቃስት የኖረውን የእኛን አሮጌ ባቡር ለሚያስታውስ ሰው ይህን ማብራራት አያሻም።

በ1893 ቀውስ ኖርዘርን ፓሲፊክ፣ ዩኒየን ፓሲፊክና ሳንታፌ ለኪሳራ ሲዳረጉ ግሬት ኖርዘርን ቆሞ ቀረ። በአነስተኛ ከሰል ብዙ ቶን መሳብ መቻሉ አንዱ ምክንያት ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ጄቨንስ ግን ገና በ1865 አንድ ነገር አስጠንቅቆ ነበር፤ ከሰልን ቆጥቦ የሚሠራ ማሽን በመጣ ቁጥር አገር የምትፈጀው ከሰል እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም። የሂልም ባቡር እንዲሁ ሆነ። ማጓጓዣው በረከሰ ቁጥር ስንዴው፣ ግንዱና ብረቱ በብዛት ይጫን ጀመር። የቆጠቡት ከሰል ሌላ ጫካ መቁረጫና ሌላ ማዕድን መቆፈሪያ ሆነ።

ወጪውን ሁሉ የከፈሉት ደግሞ እሳቸው አልነበሩም። ሐዲዱ በሞንታና ያለፈበት ምድር የብላክፊትና የሌሎች ነባር ሕዝቦች ነበር፤ ኮንግረስ በ1887 ለባቡሩ መንገድ ፈቀደ፣ በ1888 ደግሞ ከይዞታቸው ከ17 ሚሊዮን ኤከር በላይ ተወሰደ። በ1894 የደመወዝ ቅነሳ የተደራረበባቸው ሠራተኞች በዩጂን ዴብስ መሪነት ለ18 ቀናት ሥራ አቁመው መስመሩን ዘጉት። በሽምግልና አብዛኛው ጥያቄያቸው ተመለሰላቸው። ዳገቱን የሚያሰላ ሰው የሰው ጀርባንም እንደ ዳገት ያሰላል መሰለን።

በሰሚት ጎዳና ያሠሩት ቤት በ1891 ተጠናቀቀ። 42 ክፍሎች፣ 13 መታጠቢያ ቤቶችና 22 የእሳት ምድጃዎች አሉት። የሚኒሶታን ክረምት የምናውቅ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቤት ለማሞቅ ምን ያህል ከሰል እንደሚወርድ መገመት አያቅተንም። ባለቤቱ ከሰል ሻጭ መሆናቸው ጥሩ ነበር። ዛሬ ቤቱ በሚኒሶታ ታሪክ ማኅበር እጅ ሆኖ ለጎብኚ ክፍት ነው። የቅርብ ጎረቤታቸው የእንጨት ነጋዴው ፍሬድሪክ ዋየርሃውዘር ነበሩ። በ1900 ዋየርሃውዘርና ሸሪኮቻቸው በዋሽንግተን ግዛት 900,000 ኤከር ደን ሂል ተጽእኖ ካላቸው ከኖርዘርን ፓሲፊክ በኤከር 6 ዶላር ገዙ። የሚኒሶታና የዊስኮንሲን ጥድ እያለቀ ስለ ነበር መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህን ሁሉ ያደረጉት ሰው ናቸው እንግዲህ በ1906፣ በሚኒሶታ ስቴት ፌር ላይ፣ በገበሬዎችና በከተማ ሰዎች ፊት ቆመው ያልተለመደ ንግግር ያደረጉት። በዚያ ዓይነት በዓል ላይ ሰው የሚጠብቀው የብልጽግና ውዳሴ ነበር። ሂል ግን የሒሳብ መዝገብ ዘረጉ። በ44 ዓመት ውስጥ፣ ማለትም እስከ 1950፣ የአገሪቱ ሕዝብ ከ200 ሚሊዮን እንደሚያልፍ ገመቱ። ከዚያም ይህ ሁሉ ሰው በምን ይኖራል ብለው ጠየቁ። የብረት ማዕድኑ በተያዘው ፍጥነት እየተቆፈረ ከሄደ እስከ መካከለኛው ክፍለ ዘመን ጥሩው ክፍል እንደሚሟጠጥ ተናገሩ። የስንዴ ማሳው በተከታታይ አንድ ዓይነት ሰብል እየተዘራበት ምርቱ እየወረደ መሆኑን፣ የአሜሪካ ገበሬ ከአንድ ኤከር የሚያገኘው የእንግሊዙ ከሚያገኘው ግማሽ እንኳ እንደማይሞላ አሳዩ።

በሜይ 1908 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የየግዛቱን አገረ ገዥዎች ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ለመምከር ዋይት ሐውስ ሲጠሩ ሂልም ከተናጋሪዎቹ አንዱ ሆኑ። የሩዝቬልት መንግሥት ከጥቂት ዓመታት በፊት ኖርዘርን ሴኩሪቲስ የተባለውን የሂልን የባቡር ጥምረት ከሶ በ1904 በጠቅላይ ፍርድ ቤት አስፈርሶት ነበር። ተከሳሽና ከሳሽ ስለ ከሰል በአንድ አዳራሽ ተስማሙ። እዚያ ያሉት ነገር ከስቴት ፌሩ የበለጠ የሠላ ነበር። ከሰሉ ሁሉ አለቀ ብለው አልተነበዩም። ከክፍለ ዘመኑ አጋማሽ በፊት ምርጡና ለመድረስ የሚመቸው ከሰል ስለሚያልቅ የቀረው ዋጋው እንደሚንርና ኢንዱስትሪው በሙሉ እንደገና ለመደራጀት እንደሚገደድ ነው ያስረዱት። ነጥቡ ይህ ነው። ሀብት አንድ ቀን ድንገት ባዶ አይሆንም። ሰው መጀመሪያ የሚለቅመው ቅርቡንና ቀላሉን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከቀድሞው የበለጠ ጉልበት እየጠየቀ ይመጣል። በ1972 የወጣው «የዕድገት ገደቦች» የተባለው የታወቀ ጥናት በኮምፒዩተር የሠራውን ሒሳብ እኚህ ማገዶ ሻጭ በእጃቸው ጀምረውት ነበር።

በእሳቸው አስተሳሰብ ማዕድን አንድ ጊዜ ብቻ የሚታጨድ ሰብል ነው። አፈር ግን ከተንከባከቡት ለዘላለም ይሰጣል፤ ችላ ካሉት እሱም ማዕድን ይሆናል፤ ተቆፍሮ ያልቃል። ስለዚህ ገበሬውን ሰብል እንዲያፈራርቅ፣ ከብት እንዲያረባና ፍግ ወደ ማሳው እንዲመልስ አጥብቀው ይሰብኩት ነበር። ከሴንት ፖል በስተ ሰሜን በኖርዝ ኦክስ እርሻቸው ምርጥ ዘር ኮርማዎችን እያረቡ በሐዲዳቸው ዳር ላሉ ገበሬዎች በነፃ አደሉ።

እዚህ ላይ ልባችን ወደ ወሎና ጎንደር፣ ወደ መንዝና ጎጃም መሄዱ አይቀርም። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ «ባለ ሁለት አኃዝ ዕድገት» የሚለው ሐረግ ከአዲስ አበባ መግለጫዎች ጠፍቶ አያውቅም ነበር። እኛ በስደት ያለነውም አኃዙ እውነት ነው፣ ሐሰት ነው እያልን ጉሮሯችን እስኪደርቅ ተከራከርን። ክርክሩ ተገቢ ነበር። በቶን የጠየቅነው ግን ጥቂት ነው። በ1980ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ባደረጉት ጥናት ከኢትዮጵያ ደጋ የታረሰ መሬት በዓመት ከሄክታር ወደ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተው ነበር። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በሴፕቴምበር 2025 በ5,150 ሜጋዋት አቅም ተመርቋል፤ የአብዛኛው ገበሬ ምድጃ ግን ዛሬም የሚነደው በእንጨትና በኩበት ነው። ኩበት ደግሞ ማሳ ላይ መውደቅ የነበረበት ፍግ ነው። ዛፉ ሲያልቅ እበቱ ይነዳል፣ እበቱ ሲነድ ማሳው ይራባል። ሂል ይህን ሰንሰለት ቢያዩት ኖሮ በየትኛው መዝገብ እንደሚጽፉት እናውቃለን፤ ዕድገት በሚለው አይደለም።

ነገር ግን ሰውየውን ነቢይ አድርገን መሳል አንፈልግም። በቃላቸውና በሥራቸው መካከል የነበረው ስፋት በሞንታና ታየ። ኮንግረስ በ1909 ለአንድ ሰፋሪ የሚሰጠውን መሬት ወደ 320 ኤከር ካሳደገ በኋላ የሂል ኩባንያ ዝናብ አጠር በሆነው ሜዳ ላይ ስንዴ ይበቅላል እያለ በብዙ ማስታወቂያ ሰው ጠራ። ሐዲዱ ጭነት ይፈልጋላ! ለጥቂት ዓመታት ዝናቡም ዋጋውም ጥሩ ስለ ነበር ሰው ጎረፈ። አፈር ይጠበቅ ያሉት ሰው ሊታረስ የማይገባውን ሣር እንዲገለበጥ አደረጉ።

ያስከተለውን አላዩትም። ሜይ 29 ቀን 1916 በሰሚት ጎዳናው ቤታቸው በተመረዘ ቁስል ሳቢያ በ77 ዓመታቸው ዐረፉ። ከሮቼስተር የተጠሩት የማዮ ወንድማማቾችም ሊያድኗቸው አልቻሉም። በቀብራቸው ሰዓት ባቡሮቻቸው ባሉበት ለአምስት ደቂቃ ቆሙ። ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ሲተዉ ኑዛዜ አልነበራቸውም። ሁሉን ነገር የሚያሰሉ ሰው ይህን አለማሰባቸው ያስገርማል። በዓመቱ፣ በ1917፣ በሞንታና ድርቁ ገባ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰፋሪ ቤቱንና ማረሻውን ጥሎ ወጣ፤ በ1920ዎቹ ከግዛቲቱ ባንኮች ግማሽ ያህሉ ተዘጉ።

ትንቢታቸውስ? በሕዝብ ቁጥር ተሳስተዋል፤ በ1950 የተቆጠረው 151 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ 200 ሚሊዮን የተሞላው በ1967 ነበር። ከሰሉን በዘይትና በጋዝ ተረዳዱት። የብረቱን ነገር ስናይ ግን ሳቃችንን እንይዛለን። ከሰሜን ሚኒሶታ የሜሳቢ ማዕድን ከግማሽ በላይ ብረት የነበረው ምርጡ ክፍል ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላ በእርግጥ ወደ ማለቁ ተቃረበ። አገሪቱን ከጭንቀት ያወጣት በሚኒያፖሊስ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ዴቪስ ለአሥርት ዓመታት የደከሙበት ታኮናይት የተባለው ጠንካራ ድንጋይ ነው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ያለው ብረት ሩብ ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ይፈነዳል፣ ይደቅቃል፣ እንደ ዱቄት ይፈጫል፣ በማግኔት ይለያል፣ ተድቦልቡሎ በእሳት ይጋገራል። ቀድሞ በአካፋ ተዝቆ ባቡር ላይ ይጫን የነበረው ብረት አሁን በየደረጃው ኤሌክትሪክና ነዳጅ ይበላል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሲልቨር ቤይ ፋብሪካ በቀን እስከ 67,000 ቶን የድንጋይ ዝቃጭ ወደ ሱፒሪየር ሐይቅ ይደፋ ነበር፤ በ1973 የዱሉዝ ሕዝብ በሚጠጣው ውኃ ውስጥ አስቤስቶስ መሰል ጭረት ተገኘ፤ መድፋቱ የቆመው ከረጅም ሙግት በኋላ በ1980 ነው። ብረቱ አላለቀም፤ ሂል በ1908 ስለ ከሰል እንዳሉት፣ የቀረው ውድ ሆነ።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ሂል በ1899 ከሜሳቢ የገዙትን የማዕድን መሬት ለራሳቸው ማስቀረት ሲችሉ፣ በ1906፣ ያንኑ ንግግር ባደረጉበት ዓመት፣ ለግሬት ኖርዘርን ባለ አክሲዮኖች ጥቅም በአደራ አስቀመጡት። አደራው የሚቆየው በሰነዱ ስማቸው ከተዘረዘረ 18 ሰዎች የመጨረሻው ከሞተ በኋላ 20 ዓመት እስኪሞላ ነበር። ያ ቀን ኤፕሪል 6፣ 2015 ሆነ፤ አደራው ፈረሰ። የሂል የባቡር ኩባንያ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ፣ ንብረቱም እየተከፋፈለ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር ስለ ኖረ፣ የብረቱ መሬት በመጨረሻ የተመለሰው ለኮኖኮ ፊሊፕስ ቅርንጫፍ ነው፤ ለነዳጅ ዘይት ኩባንያ።